ሩዲየስ ከግቢ የወጣ ቀን

ዛሬ ከወንድሜ ጋር ስለ «ሙሾኩ ቴንሴይ» ተጨቃጨቅን። በ2021 እ.ኤ.አ. የጀመረ የጃፓን አኒሜ (ተከታታይ የካርቱን ፊልም) ነው፤ ቤት ዘግቶ የኖረ የ34 ዓመት ሥራ አጥ መኪና ገጭቶት ይሞትና ሌላ ዓለም ውስጥ ሩዲየስ ተብሎ ይወለዳል። «ባለጌ እኮ ነው፣ እንዴት ታዝኝለታለሽ?» አለኝ። አድናቂዎቹም የሚጣሉት እዚሁ ላይ ነው። ብልግናው እኔንም ያስጠላኛል።

ግን ያቺ ትዕይንት! ያ ሁሉ አስማት የሚችል ልጅ ከግቢው መውጣት ያቅተዋል፤ በድሮ ሕይወቱ ትምህርት ቤት ያዋረዱት አሁንም ውጭ የሚጠብቁት ይመስል ይንቀጠቀጣል። አስተማሪው ሮክሲ ፈረስ ላይ አስቀምጣው ትወጣለች። በቃ። ማንም አልሳቀበትም። ምን እንዳደረገችለት እንኳን አታውቅም።

ጃፓን ውስጥ ለዓመታት ከክፍላቸው ሳይወጡ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ይቺን ትዕይንት ሲያዩ ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ ነው የዋልኩት።