ትንፋሽ ያሳጠረኝ ቃል

ባለፈው ሳምንት ሴሚናር ላይ ስላይዴን ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ "ኦቶርሂኖላሪ..." ብዬ ቀረሁ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን በግኗል። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ማለት እኮ ነው፣ በእንግሊዝኛ 19 ፊደል፣ ሁላችንም ኢኤንቲ ብለን የምናልፈው።

ቤት ገብቼ ደብተሬ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። ኦ-ቶ-ራይ-ኖ-ላ-ሪን-ጎ-ለ-ጂ። 9 ሲላብል፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ቁራጭ። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፣ እያንዳንዱ አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ቃሉ ራሱ ተቆራርጦ ይቀመጥላችኋል፣ ብቻ ሳድሶቹን መጠንቀቅ ነው፣ "ይ" እና "ን" እዚህ ለብቻቸው አይቆጠሩም ከእነሱ በፊት ያለው ላይ ይለጠፋሉ፣ ለዛ ነው 11 ፊደል ጽፌ 9 የወጣልኝ። በእንግሊዝኛው ውስጥ ያለችውን "ኤች" (h) እርሷት፣ አትነበብም። ኦቶ ከግሪክ ጆሮ ነው፣ ላሪንክስ ማንቁርት፣ ራይኖ ደግሞ አፍንጫ፤ አውራሪስን ራይኖ የሚሉት ለካ አፍንጫው ላይ ባለው ቀንድ ነው!

ግን ፊደሉ የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ የቱ ጋ እንደሚረገጥ፣ ማለትም ድምፁ የቱ ጋ ጠንከር እንደሚል። እኛ ሁሉንም እኩል ነው የምንለው፣ እንግሊዝኛ አንዱን ይረግጥና ሌላውን ይውጠዋል። በ"ሎጂ" የሚያልቅ ቃል ላይ የሚረገጠው ከመጨረሻ 3ኛው ነው፣ ባዮሎጂ ላይ "ዮ"፣ እዚህ "ጎ"። ስለዚህ እኛ ሞልተን የምንላት "ሎ" እነሱ ጋ "ለ" ሆና ትቀራለች።

የጠቀመኝ ከጭራው መጀመር ነው። ጎለጂ። ሪንጎለጂ። ላሪንጎለጂ። ከፊት ስጀምር መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ከኋላ ከሆነ ግን ሁሌም የምሄደው ወደለመድኩት ነው።

እማዬ ምስር እየለቀመች ሰምታኝ "አንቺ ልጅ፣ ድግምት ነው እንዴ?" ትርጉሙን ስነግራት "ታዲያ ከአንገት በላይ ሐኪም አትይም!" እውነቷን ነው፣ ስሙ ያ ነው፣ ግን ሁሌ ያስቀኛል፣ ከልቡ የማያክም ሐኪም ይመስላል ሃሃ።

ዛሬ ደግሜ አቀረብኩ። ሳልደናቀፍ፣ "ጎ" ላይ ረግጬ። መምህራችን "እሺ ጥሩ" አለና ወደ ክፍሉ ዞሮ "ኢኤንቲ ላይ ጥያቄ ያለው?"