ሾፌሩ ያልተጠየቀበት ጎማ

ሾፌሩ ሳይጠየቅ ጎማ ሲመረጥ ደሜ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ላይ የጎሚስታ ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ፒክአፕ ነገር ግን ውስጤ የቀረ የለም።

መኪናው ከፍ የተደረገ ነው። ከኋላ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ተጨምሮለታል፤ ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት ተገጥሞለታል፤ ስፖንዳውም በብረት ተቀጥሏል። ባለቤቱ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። አራት የጭቃ ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጥተው «ግጠምልኝ» አሉኝ። ልኩን አነበብሁ፤ 285/70/17። መኪናው ይዞት የመጣው 265/65/17 ነው። ቁመቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ይፋተጋል፤ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው 85 አልፏል። ይህንኑ ነገርኋቸው። «መከላከያው ይቆረጣላ!» አሉ።

እሺ፣ መከላከያውስ ይቆረጥ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር።

«ጋሼ፣ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ የት ነው የሚውለው?»

«ጮቄ ተራራ ሥር ነዋ! ከረቡዕ ገበያ ወዲያ። የእዚያን አገር ክረምት አታውቀውም እንዴ?»

አውቀዋለሁ። ሆኖም መልሱን ከሚነዳው ሰው አፍ መስማት ፈለግሁና ወደ ሾፌሩ ዞርሁ። «አንተስ ወንድሜ፣ በሳምንት ስንት ቀን አስፋልት ላይ ትውላለህ?»

ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት የባለቤቱን ፊት አየ። እሳቸውም ቀደሙት። «እሱ የሚነዳው እኔ የገዛሁትን ነው» አሉ።

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ለሥራው የሚያስፈልገውን ዕቃ ለማምጣት በየሳምንቱ ዓባይ በረሃን ወርዶ የሚወጣው እሱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ አስፋልቱን ከባድ መኪና አጉብጦታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብና ጉም ይጨመርበታል። ይባስ ብሎ ልጁ ቁልቁለቱን የሚወርደው ባዶውን ነው፤ ጭነቱ ያለው በመልሱ ነው። ባሌስትራ የተጨመረለት ፒክአፕ ባዶ ሲሆን ኋላው ይደርቃል፣ ይነጥራል፤ ጎማው መንገዱን በደንብ አይጫነውም። በእርጥብ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲያዝ ቀድሞ የሚከዳው ኋላው ነው።

ለባለቤቱ ጎማውን እያሳየሁ አስረዳኋቸው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። ጭቃውን ቆፍሮ የሚተፋው በዚያ ነው። አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ውኃውን ጠርጎ አስፋልቱን የሚነክሱት ጥርሱ ላይ የተሰነጠቁት ቀጫጭን መስመሮች እዚህ ጎማ ላይ ከቁጥር አይገቡም። በታኬታ የሆቴል ሴራሚክ ላይ እንደ መሮጥ ነው አልኋቸው። ሁለገቡን፣ ኤቲ የሚባለውን፣ መስመሩ የበዛውን እንዲወስዱ ለመንኋቸው። ከፍታ ከፈለጉም 265/70/17 ይበቃል፤ ልዩነቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ሲገዙም ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ይዩ፤ 112 ከተጻፈበት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። ጎማው የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩትን አራት አኀዞችም ያንብቡ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋልና አይነክስም።

ሰምተውኝ ሲያበቁ ሰዓታቸውን አዩ። አዲስ አበባ ያለ መኪና አዋቂ ወዳጃቸው ነበር የመረጠላቸው። ያ አዋቂ የዓባይን ቁልቁለት በክረምት፣ በባዶ ፒክአፕ ወርዶት ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ደንበኛ የገዛውን ጎማ መግጠም ሥራዬ ነው፤ ገጠምሁ።

እውነቱን ለመናገር ሐምሌ ላይ ጎማው ሠራ። ሌላው መኪና ሁሉ ዋልካው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲያድር እሱ ሰንጥቆ እንደወጣ ሾፌሩ ራሱ ነገረኝ። ባለቤቱም በዚህ ተኩራርተው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ መኩራራታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ከደጀን ወርደው ሳይርቁ ኋላው ተንሸራቶ የመንገዱን ጠርዝ መታ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የኋላው ቸርኬ ግን ተጣመመ። ይዘውት መጡ፤ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ባለቤቱ ልጁን በደንበኛ ፊት ሰደቡት። አነዳድ አያውቅም አሉት። የቸርኬውን ዋጋም ከደመወዙ እንደቆረጡ እዚያው ተናገሩ።

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልሁም። «ጋሼ፣ ይህ ልጅ በዚያ ቁልቁለት መኪናውን ገደል ሳይከት ያቆመ ሾፌር ነው። የሚወቀሰው ጎማው ነው» አልሁ። አንዱን ሁለገብ ጎማ ከሱቅ አውጥቼ ከጭቃው ጎማ ጎን አቆምሁትና እጃቸውን በሁለቱም ላይ እንዲያሳርፉ አደረግሁ። መዳፋቸው በአንዱ ላይ ሙሉውን ላስቲክ ነካ፤ በሌላው ላይ ግማሹ ክፍተት ውስጥ ገባ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ «ልጁ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ልጁ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ። «ራሱን ይጠይቁት» አልኋቸው። ጠየቁት። ከሳምንቱ አራቱን ቀን አስፋልት ላይ እንደሚውል፣ ለጮቄው ጭቃ ሰንሰለት ቢገዛለት እንደሚበቃው ተናገረ። ነገሩን ካሰበበት ቆይቷል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

አራት ሁለገብ ጎማ ገጠምሁ፤ ንፋሱን የሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ በተለጠፈው ልክ ሞላሁ። ባለቤቱ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ «አንተ አስቀድመህ ነግረኸኝ ነበር» ብለው እኔን አመስግነው ሄዱ። ሾፌሩ አሁንም ንፋስ ሊያስለካ ይመጣል። የተቆረጠበት ደመወዝ እንዳልተመለሰለት ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል።