«ኩሽኔታ የለም» ያልንበት ቀን

አጎቴ አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሄደ ቁጥር ስልኩ አያርፍም። «ጋሼ፣ የአይሱዙ ፍሪሲዮን የት ነው ያለው?» አምና ክረምት ሥራ ስላልነበረኝ ዕቃውን ኤክሴል ላይ ልመዝግበው አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በፊደል ተራ ደርድሬ፣ አትሜ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ኩራቴ አይጣል ነው።

በማግስቱ አንድ መካኒክ መጥቶ «የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ» አለ። የሱቁ ልጅ ዝርዝሩን «ኩ» ላይ ፈተሸ። የለም አለው። ሰውዬው ጎረቤት ሱቅ ገባ። ማታ ስናይ አራት ኩሽኔታ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ እኔ ካርቶኑ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ስሙን አይቼ «ቤሪንግ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። አጎቴ «እዚህ ቤሪንግ ብሎ የሚጠይቅህ ማነው?» ብቻ አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጬ ደንበኛ የሚለውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከመኪናው ነው የሚጀምረው። «የኮሮላ»፣ «የባጃጅ»፣ «የሲኖ»። ቀጥሎ የፊት ወይ የኋላ። የዕቃው ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የኔ ዝርዝር ደግሞ የተገላቢጦሽ።

እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ ዕቃው፣ አጠገቡ የመደርደሪያው ቁጥር። ዘይትና አምፖል በየደቂቃው ስለሚጠየቁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለብቻቸው ወጡ።

ያደከመኝ አጻጻፉ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ፊደል። «ሃይድሮሊክ» ብዬ የመዘገብኩትን ልጁ «ሐይድሮሊክ» ብሎ ሲፈልግ ባዶ ይመጣል። የጋራዥ ቃል ደግሞ ብዙው ከጣልያንኛ የመጣ ስለሆነ ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል፤ ፍሪሲዮን፣ ፍርስዮን፣ ፍሪሲየን። ትክክለኛውን ልወስን አልኩና ተውኩት። «ሌላ ስሙ» የሚል ዓምድ ጨምሬ ሰው የሚለውን ሁሉ አጎርኩበት። ቤሪንግም እዚያ ገባ።

የፋብሪካውን ቁጥር በፊት ከሁሉም አስቀድሜው ነበር፤ ሊቅ ለመምሰል። ልጁ አንድ ቀን እንኳ አላየውም። አሁን የመጨረሻው ዓምድ ላይ ነው። ግን አልሰረዝኩትም። የቶዮታ ፍሬን ሸራ ቁጥሩ በ04465 ከጀመረ የፊት፣ በ04466 ከጀመረ የኋላ ነው፤ ሸራው ካርቶን ውስጥ እንዳለ መለየት ይቻላል። ቁጥሩን ያለ ሰረዝ ስጽፈው ታዲያ ኤክሴል የፊቱን 0 ዋጠው። ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ቀይሬ አንድ በአንድ እንደገና ሞላሁ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ሶማሌ ተራ ውሎ መጣ። ከሱቅ የተደወለለት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋ ለመጠየቅ። ዋጋውን ሆን ብዬ ነው ያላስገባሁት። እሱ ዛሬ ጽፈኸው ነገ ሌላ ነው።