12ኛው ብልት

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለእንቁጣጣሽ አደረሳችሁ!

ጳጉሜን ስትገባ አንድ ክፉ ልማድ አለኝ። ሰው ቤቱን ያጸዳል፣ በሩፋኤል ዝናብ ይታጠባል። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ራሴን ችሎት አቆማለሁ። አምና የጻፍኳቸው ዕቅዶች 9 ነበሩ፤ የተሳኩት 2። ከሳሿም እኔ፣ ዳኛዋም እኔ። ጠበቃ የለም።

ልማዱ ከደብተሩም አልፏል። የአምናው ዋዜማ ማታ ዶሮ ስበልት አምሽቼ ብልቱን ስቆጥር 11 ሆነብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ፈረሰኛው አለ፤ መላላጮቹ አሉ፤ ክንፎቹም አሉ። ያው 11። ቢላዋውን እንደያዝኩ «አንቺ ደግሞ ሴት ነሽ?» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ይህን ቃል ሌላ ሰው ቢለኝ ዓመት አኮርፈው ነበር።

በዚህ በ12 ብልት ስንት ሙሽራ ተፈትናለች መሰላችሁ። (ወንድሜ ዶሮ ይበላል እንጂ አይበልትም። እንቅልፉን ግን ለጥ ብሎ ይተኛል።)

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ መጡ። አንድ ጎርሰው «ቁሌቱ እንዴት በስሏል!» አሉ። አመሰግናለሁ ብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን «አይ፣ ብልቱ ተበላሽቶብኝ እኮ ነው፤ አንዱ ጎድሏል» ብዬ ሳልጠየቅ ተናዘዝኩ።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉና እንጀራቸውን ቆረሱ።

ይህቺ «ማን ጠየቀሽ» ዓመቱን ሙሉ አብራኝ ከረመች። እውነትም ማንም አልጠየቀኝም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከሰው የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰዉ የራሱን ጉርሻ እያሰበ ነው፤ «ምን ይሉኛል» የምላቸው ሰዎች ሁሉ ውስጤ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ።

በዓል ሲመጣ የተኳረፈ ይታረቃል። ሽማግሌ ይገባል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፤ ነገሩ ያልቃል። ከራሱ ጋር ለተጣላ ሰው ግን ማን ሽማግሌ ይልካል? ራሱ ተነስቶ ራሱን ደጅ መጥናት ሊኖርበት ነው። ያስቃል፤ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ራስን መቀበል ስንፍናን ማቆላመጥ የሚመስለው ሰው አለ። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን ስንት ዓመት ራሴን ስሳደብ ኖሬ ዶሮ መበለት አልቻልኩም። ስድብ ቢያስተምር ኖሮ እስካሁን ባለሙያ በሆንኩ።

ዘንድሮ ደብተሩን አላወጣሁም ብዬ አልዋሻችሁም። አውጥቻለሁ። ካልተሳኩት 7 መካከል አንዱ «እማዬ ጋ በየሳምንቱ መደወል» የሚል ነበር። ስንት ሳምንት እንዳመለጠኝ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት፤ ደወልኩላት። አንድ ሰዓት አወራን። ሌላውን ሳላየው ደብተሩን ዘጋሁ። ዶሮው ዘንድሮ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። አምና የሰፈራችን ልጅ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዞ መጣ። መልአኩ አንድ ዓይኑ ተለቅ ብሏል። አደይ አበባው ደግሞ ሐምራዊ ነው። ሐምራዊ አደይ! ትክ ብዬ ሳየው ጊዜ «ቢጫው አልቆብኝ ነው» አለና ለብሩ እጁን ዘረጋ።

ሥዕሉ እስካሁን ፍሪጁ ላይ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት!