ለውሻ ማደሪያ ቀብድ መቀበል ጀመርኩ

ሰው ከባሕር ዳር ሲወጣ ውሻና ድመቱን እኔ ጋ ይተዋል። አበላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር አዞራቸዋለሁ። እስካሁን ሁሉም ነገር በቃል ነበር፤ የቀረ ቀረ። የዘንድሮ ጥምቀት ግን አንጀቴን አሳረረው።

ጥምቀትን ጎንደር ሄዶ የሚያከብረው ብዙ ስለሆነ ያ ሳምንት ትልቁ ገበያዬ ነው። ግቢዬ ግን ጠባብ ነው፤ ከሦስት ውሻ በላይ ከያዝኩ ይናከሳሉ። ለአንዲት ደንበኛዬ ሁለት ውሾች ቦታ ይዤ ሌላ ሰው መለስኩ። የከተራ ዕለት ከሥጋ ቤት ሳንባና አጥንት አምጥቼ ከሩዝ ጋር እየቀቀልኩ፣ ድስቱ ገና ሳይወርድ ስልኬ ጠራ። «እህቴ፣ ጎንደር መሄዱ ቀረ እኮ፣ ይቅርታ።» ምን እላለሁ? «ችግር የለም» አልኩ። ችግር ግን ነበረው።

ስለዚህ የክፍያውን ሩብ ቀብድ ልቀበል ወሰንኩ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግም አየሁት። ቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ልቤን የነካው ሁለተኛው ነው። እኔ በመጨረሻ ሰዓት «አልችልም» ብል የሰው ጉዞ ነው የማበላሸው፣ ስለዚህ እጥፍ ልመልስ ተስማምቻለሁ።

በአዘቦት ቀን ከሁለት ቀን በፊት የነገረኝ ቀብዱን ሙሉ ይወስዳል። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ግን ከሳምንት በፊት ካልነገረኝ፣ ቦታውን ሌላ ሰው ካልያዘው በቀር፣ ቀብዱ አይመለስም።

ለቅሶ የደረሰበትን፣ በረራው የተሰረዘበትን ወይም መንገድ የተዘጋበትን ሰው ቀብድ ግን አልበላም። ምን አጠፋ? ማስረጃ አምጣም አልልም።

ብዙ ያሰብኩበት የታመመ ውሻ ነገር ነው። ቀብዱን ከያዝኩበት ባለቤቱ ገንዘቤ ይቀርብኛል ብሎ ሕመሙን ደብቆ ሊያመጣው ይችላል፣ ከዚያ ሌሎቹንም ያስይዛል። ስለዚህ ውሻው ከታመመ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ቢደወልልኝም ሙሉውን እመልሳለሁ። እንደውም አመሰግናለሁ።

ይህንን ጽፌ ትናንት ማታ ለደንበኞቼ ሁሉ በቴሌግራም ላክሁ። ቀድማ የመለሰችልኝ ያቺው የጥምቀቷ ናት፦ «ለፋሲካ ለሁለቱም ቦታ ያዥልኝ፣ ቀብዱን በቴሌብር ልኬልሻለሁ።»