ስኳር ያለባችሁ፣ እግራችሁን አሳዩ

እዚህ አሜሪካ ስኳር ያለባቸው ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። ስኳራቸውን በየቀኑ ይለካሉ፣ መድኃኒታቸውን አያዛንፉም። እግራቸውን ግን ለማንም አሳይተው አያውቁም። ፖዲያትሪስት (የእግር ሐኪም) ጋ ሂዱ ስትሏቸው ጥፍር የሚቆርጥ ሰው ይመስላቸዋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ፖዲያትሪስት ከኮሌጅ በኋላ 4 ዓመት የእግር ሕክምና ተምሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ 3 ዓመት ሬዚደንሲ (የሐኪምነት የተግባር ሥልጠና) የሠራ ሐኪም ነው። መድኃኒት ያዛል፣ ኦፕራሲዮን ያደርጋል። ቁርጭምጭሚት ላይ እስከ ምን ድረስ መሥራት እንደሚፈቀድለት ግን እንደየስቴቱ ሕግ ይለያያል። ሌላው እግር የሚያክመው፣ በእግርና ቁርጭምጭሚት ላይ የተካነ የአጥንት ሐኪም ነው፤ እሱ 4 ዓመት ሕክምና ተምሮ፣ 5 ዓመት በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሠልጥኖ፣ ከዚያ አንድ ዓመት እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ይጨምራል። ለስኳር ሕመምተኛ የዘወትር ክትትል ግን የመጀመሪያው በር ፖዲያትሪስት ነው ባይ ነኝ።

እናቴን ይዤ ስሄድ ሐኪሟ ከእግሯ በፊት ጫማዋን አነሳች። እጇን ከትታ ውስጡን ዳበሰች፤ የተላጠ ነገር፣ ጠጠር፣ የወጣ ሚስማር ካለ ብላ። ከዚያ እናቴን ዓይኗን አስጨፍና እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ናይለን እስክትጎብጥ ድረስ ውስጥ እግሯ ላይ ትጫን ጀመር። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። "እማዬ፣ ሲነካሽ ንገሪኝ" አልኳት። ተረከዟ ጋ "አዎ" አለች። አውራ ጣቷ ሥር ደጋግማ ነካቻት፣ እናቴ ዝም። ገና እስኪጀምሩ እየጠበቀች ነበር።

ችግሩ ይሄ ነው። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ ሕመም የሚባለው ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ቢውል አይታወቅም፣ ቁስል ይሆናል፣ ደሙም በደንብ ካልደረሰ ቁስሉ አይድንም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

አንድ ነገር አደራ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ብዙ ባያመውም እንኳ፣ ወለምታ ነው ብላችሁ እንዳታሹት፣ ወጌሻም እንዳትጠሩ። ውስጡ አጥንት እየተሰበረ ሊሆን ይችላል። ሳይረግጥበት በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ወላጆቻችሁ ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ካላቸው፣ በስኳር ምክንያት የእግር ስሜታቸው ከጠፋ በየ6 ወሩ የእግር ምርመራ ይሸፍናል፤ የራሳቸው ድርሻ ቢኖርም። ስኳራቸውን የሚከታተለው ሐኪም ካረጋገጠላቸው በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማም ያገኛሉ። ይሄን ሳይጠይቁ የሚነግራቸው ሰው ላይኖር ስለሚችል እናንተ ጠይቁላቸው።