መቀስና ባልዲ

ክረምቱ ወጥቷል። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ደስ ትላለች፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። የኔ የአበባ ሥራ ግን የሚበዛው አሁን ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ መቀስና ባልዲ ይዤ ከዚኒያ ወደ ማሪጎልድ፣ ከማሪጎልድ ወደ ፔቱኒያ እዞራለሁ። የጠወለገውን እየቆረጡ ባልዲ ውስጥ መጣል ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጎረቤቴ እማማ ግን አይዋጥላቸውም። በአጥሩ በኩል ብቅ ይሉና «ኧረ ልጄ፣ ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። ጓሯቸው ያለችውን ጌሾ ሲመለምሉ እጃቸው አይራራም። አበባ ላይ ሲሆን ግን ግፍ ሆኖ ይታያቸዋል።

እኔም አደይ አበባን ያስቧት እላቸዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ደምቃ፣ ለመስቀል ታይታ፣ ከዚያ የለችም። ዘሯን በትና ሄዳለች። የአንድ ወቅት አበባ ሁሉ ነገረ ሥራው እንዲሁ ነው። የሚያብበው እኛን ደስ ይበላችሁ ብሎ ሳይሆን ዘር ለመተካት ነው። ዘሩ ከደረሰ አበቃ፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ማበቡም ይቆማል። የጠወለገውን ዘር ሳይቋጥር ካነሱበት ግን ሌላ እንቡጥ ያወጣል። ነገሩ ማታለል ነው፣ አልክድም።

ወሳኙ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው አንገቱን ይቀነጥስና ይተወዋል፤ ከዚያ ግቢው በራቁት ዘንግ ይሞላል። ዚኒያ ከሆነ ከአበባው ተነስቶ በግንዱ ወደ ታች መውረድ ነው። ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት የተያያዙበት ቦታ ይገኛል። ብብታቸው ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር አለች፤ ቀጣዩ አበባ የሚወጣው ከእሷ ነው። መቀሱ ከእሷ ትንሽ ከፍ ብሎ ይረፍ። ፔቱኒያ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የጠወለገው ሳብ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ይወጣል፣ ጣትም ያጣብቃል። ዘሩ የሚቋጠርባት አረንጓዴ እብጠት ግን እዚያው ቀርታለች። እሷ ካልተነሳች ልፋቱ ከንቱ ነው።

ገና በችግኝነቱ አናቱን መቀንጠብም አለ። ስንዝር ሲሞላ ጫፉን በጥፍር ቆረጥ ማድረግ ነው። ጫፉ ላይ የሚመረት ኦክሲን የሚባል ሆርሞን የጎን ቅርንጫፎችን አፍኖ ይይዛል፤ አናቱ ሲነሳ እነሱ ይለቀቃሉ፣ ተክሉም ይንሰራፋል። ባለ አንድ አበባው ሱፍ ላይ ግን አይሞከርም፤ አናቱ ከሄደ ያው ቀረ።

ኮስሞስ የሚባለው አበባ ፍግ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ነው ትርፉ። ትንሽ ችላ ሲሉት ነው የሚያምርበት። ዚኒያን አጠጋግቶ መትከል ደግሞ ነጭ ሻጋታ ይጠራበታል፤ አየር ይፈልጋል።

የውጭ አገር የአበባ ቪዲዮዎች ሁሉ «የጠወለገውን ውርጭ እስኪመጣ ቁረጡ» ይላሉ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጣና ዳር ተቀምጬ የቱን ውርጭ ልጠብቅ? ፔቱኒያ እነሱ ጋ የአንድ ወቅት አበባ የሚባለው ብርድ ስለሚገድለው ነው እንጂ በተፈጥሮው ከአንድ ዓመት በላይ መኖር ይችላል። እዚህ የሚገድለው የበጋው ድርቀትና የኛ ስንፍና ነው። ስለዚህ ተጎትቶ ረዝሞ አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ሲቀር በግማሽ አሳጥረዋለሁ። ብስባሽና ውሃ ካገኘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመለሳል።

እማማ ሰሞኑን ዘር ጠየቁኝ። (ዘር ሲነሳ፣ አንድ ወዳጄ የሐይቁ ሐምራዊ አበባ አምሮት ግቢው ገንዳ ውስጥ ሊያደርገው አስቦ ነበር። እንቦጭ እኮ ነው! ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ የሚበቅል ጉድ።) ከዚኒያዎቹ የሚያምሩትን መርጬ ቀይ ክር አሰርኩባቸው፤ እነሱ አይቆረጡም። የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ተለቅሞ በወረቀት ይቀመጣል። ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ከፓኬት የዘራሁት ዲቃላ ስለሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል እንደሚችል ነገርኳቸው። «አበባ ይሁን እንጂ፣ መልኩ ምን አገባኝ» አሉ።

ፔቱኒያው ዘር አልተጠየቀበትም። ቅዳሜ በግማሽ ይቆረጣል።